ታመህ ከነበር የትኛውን መኪና ትይዛለህ? ለድሬዳዋ ሾፌር የጤናና የሥራ ንጽጽር

ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ክንዴ ላይ እንደገና ጠቀለለችው። ነፋችው። ቁጥሩን አየችና ትንሽ ዝም አለች። «ወንድሜ፣ ደረጃ ሮጠህ ነው የወጣኸው?» አለችኝ። አልሮጥኩም። 172 በ104 ነበር።

ያኔ 11 ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ። መንጃ ፈቃዴን ለማሳደስ ነበር የመጣሁት። ከዚያ በፊት የጤና ወረቀቴን ያስሞላሁበት ቦታ ክንዴን እንኳን አልነካኝም። ከፍዬ፣ ማህተም አስመትቼ ወጣሁ። ጊዜ ቆጠብኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያናድደኛል። ያ ወረቀት በደንብ ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ ግፊቴን ቀደም ብዬ አውቀው ነበር። ጭንቅላቴን እየወጋኝ የደንገጎን ቁልቁለት ስወርድ «ሙቀቱ ነው» እያልኩ ራሴን ባላታለልኩ።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ሾፌር ሊሆን አስቦ «ድሮ ታምሜ ነበር፣ ይከለክሉኛል» ብሎ የፈራው ነው። ሌላው እየነዳ ሕመሙን የደበቀው ነው። እኛ ድሬዎች አንቱታ ስለማናበዛ «አንተ» እያልኩ እቀጥላለሁ። እህቶቼ፣ እናንተንም ይመለከታል።

ሐኪም አይደለሁም። ግን በራሴና በጓደኞቼ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ከሾፌርነት የሚያስወጣህ ሕመሙ ብቻ አይደለም። ሕመሙና የያዝከው መኪና አለመስማማታቸው ነው። አንድ ዓይነት ስኳር ያለበት ሁለት ሰው አስብ። አንዱ ከተማ ውስጥ አይሱዙ እየነዳ በሰላም ይኖራል። ሌላው በረሃ ላይ መሪ እንደያዘ ይደክማል።

መጀመሪያ ሥራዎቹን እንያቸው

ተሳቢ። ከድሬ ተነስተህ በደወሌ ወደ ጅቡቲ፣ ወይም በደንገጎ ወጥተህ በቁልቢ፣ በሂርናና በጭሮ ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለህ። የደወሌው ክፍያ መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ 515 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ገንዘቡ ጥሩ ነው። በሌላ በኩል እንቅልፉ የተቆራረጠ ነው፣ ምግቡ በሰዓቱ አይገኝም፣ ሙቀቱም አለ። ወደብ ላይ ወረፋ ስትጠብቅ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። ከቤትህ፣ ከሐኪምህና ከመድኃኒት ቤትህ ትርቃለህ።

ቦቴ። መንገዱ ያው ነው። ጭነቱ ግን ነዳጅ ነው። በታንከሩ ውስጥ ፈሳሹ ይናወጣል፣ ኩርባ ላይ መኪናውን ይጎትተዋል። ለአንዲት ደቂቃ ራስህን ብትስት የሚከተለው የአንተ ጉዳት ብቻ አይሆንም። ስለዚህ በእኔ እምነት የጤናው መስፈሪያ እዚህ ጋ ከሁሉም መጥበቅ አለበት።

አጭር መንገድ። አይሱዙ፣ ኤፍኤስአር፣ ገልባጭ። ከደረቅ ወደቡ ዕቃ፣ ከፋብሪካ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር። ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሐረማያና አወዳይም መንገድ ላይ ናቸው። የአንድ ቢያጆ፣ ማለት የአንድ ጉዞ፣ ክፍያው ትንሽ ነው፣ መጫንና ማራገፉ ይበዛል። ግን ማታ ቤትህ ታድራለህ። ይህ ጥቅም በገንዘብ ሲተመን ትንሽ ይመስላል። ታማሚ ሰው ግን ዋጋውን ያውቀዋል።

ሕዝብ ማመላለሻም አለ። ስለሱ ብዙ አልልም። ከኋላህ ሰው ተቀምጧልና ለቦቴ ያልኩት ሁሉ ለእሱም ይሠራል።

አምስተኛው ምርጫ አሜሪካ ነው። ዲቪ የደረሰው፣ ቤተሰብ የጠራው የድሬ ልጅ ሁሉ «እዚያ ሄጄ ትራክ እነዳለሁ» ይላል። እዚያ ሕጉ በቁጥር ስለተጻፈ ከታች ለብቻው አምጥቼዋለሁ።

ደም ግፊት

ይህን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ ረዘም ይልብኛል።

ግፊት በመድኃኒት ከተስተካከለ ተሳቢም መንዳት ይቻላል። ችግሩ መድኃኒቱን መንገድ ላይ መዋጥ ነው። ለእኔ መጀመሪያ የታዘዘልኝ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነበር። ሽንት ያስወጣል። ታዲያ ወደ ደወሌ ስወርድ በየጊዜው መቆም አስጠላኝ። ምን አደረግሁ? ቢያጆ ባለኝ ቀን ኪኒኑን መዝለል ጀመርኩ። ውኃም ቀነስኩ። በዚያ ሙቀት ውኃ መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ከአንድ ጉዞ ስመለስ ከመኪናው ልወርድ እግሬን አወጣሁና መሬቱ ዞረብኝ። የበሩን እጀታ ይዤ ቆምኩ። ረዳቴ «ምን ሆንክ?» ሲለኝ «ወገቤ ነው» አልኩት። ዋሸሁት።

በኋላ ለሐኪሙ እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣም። «ሾፌር መሆንህን ብትነግረኝ ሌላ እሰጥህ ነበር» አለኝና አምሎዲፒን ቀየረልኝ። እሱ ሽንት ቤት አያመላልስም። እግር ሊያሳብጥ ይችላል፣ ያንን እከታተላለሁ። ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀመጥ መጀመሪያ የምትለው ነገር «ሾፌር ነኝ፣ የምነዳው ይህን ነው፣ በዚህ ሰዓት ነው የምነሳው» ይሁን። መድኃኒቱን ራስህ አትቀይር፣ አታቋርጥ።

ጫቱን ሳላነሳ ባልፍ ለአገሬ ሰው ዋሸሁ ማለት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ሾፌር የሚቅመው እንቅልፉን ለማባረር ነው። ጫት ግን እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ አይተካም። ምርቃናው ሲያልቅ ድካሙ ተደራርቦ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም መሪ ላይ እያለህ ነው። ግፊት ካለብህና ካልቃምክ መንዳት ካልቻልክ የረጅም መንገድ ሥራ ለአንተ አይደለም። ይህን የምለው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። በርጫ ያደግንበት ነገር ነው። ግን ኪኒኑ ወደ ታች እየጎተተ ጫቱ ወደ ላይ እየጎተተ ልብህ መሃል ላይ ይሠቃያል።

ምርጫው እንግዲህ እንዲህ ነው። ለወራት የተረጋጋ ግፊት ካለህ ተሳቢም ይሆናል። እየወጣ እየወረደ ከሆነ እስኪረጋጋ አጭር መንገድ ያዝ። እንደኔ ከ170 በላይ ሆኖ ራስህን የሚያምህ ከሆነ፣ የትኛውንም መኪና ከመያዝህ በፊት ሐኪም ጋ ሂድ። ያን ሳምንት መኪናውን ለሌላ ሾፌር ስጥ።

ስኳር

ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። የሚለየው በሚወስደው መድኃኒት ነው። ይህን ለይቶ የሚያስረዳን ሰው ስለሌለ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ሥራ ይተዋል፣ ሌላው ደግሞ ያለ ምክንያት ይደፍራል።

ሜትፎርሚን ብቻ የምትወስድ ከሆነ ስኳርህ ድንገት የመውረዱ ዕድል ትንሽ ነው። ዓይንህና እግርህ ደህና ከሆኑ ለየትኛውም ጭነት መኪና ብዙ አያሰጋም።

ግሊቤንክላማይድ ሌላ ነው። ኪኒን ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ግን ውጠኸው ምግብ ካሳለፍክ ስኳርህን ቁልቁል ያወርደዋል። ተሳቢ ላይ ደግሞ ምሳ መቼ እንደሚበላ ማንም አያውቅም። ኬላ ላይ ትቆማለህ፣ ጎማ ይፈነዳል፣ ቀጣዩ ከተማ ሩቅ ነው። ይህን መድኃኒት እየወሰድክ ረጅም መንገድ ከመግባትህ በፊት ሐኪምህን «ሌላ አለ ወይ?» ብለህ ጠይቅ።

ኢንሱሊን ከሆነ ምክሬ አጭር መንገድ ነው። አንደኛ፣ ስኳር የመውረዱ አደጋ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ኢንሱሊን ሙቀት ይገድለዋል። ድሬ ቤት ውስጥ እንኳን ማስቀመጫው ጭንቅ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ የተሳቢ ጋቢና ውስጥ ምን እንደሚሆን አስበው። ጓደኛዬ ብልቃጡን ከዳሽቦርዱ ሥር ያስቀምጥ ነበር። «እየወጋሁ ስኳሬ አልወርድ አለ» እያለ ያማርራል። መድኃኒቱ ሙቀት ላይ ተበላሽቶ ኖሯል። አሁን ከተማ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ኢንሱሊኑም ቤቱ ፍሪጅ ውስጥ ነው።

ስኳር ሲወርድ ምልክቱን እወቅ። ላብ ያጠምቅሃል፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ልብህ ይመታል፣ ነገር ይምታታብሃል። ላቡን የድሬ ሙቀት ነው ብለህ እንዳትታለል። ወዲያው ዳር ይዘህ ቁም፣ ጣፋጭ ነገር ውሰድ። ለስላሳ፣ በውኃ የተበጠበጠ ስኳር፣ ተምር ይሆናል። ተምር ከኋላ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጅህ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። «ትንሽ ልግፋበትና ከተማ ስደርስ» የሚለው ሐሳብ ራሱ የመምታታቱ ምልክት ሊሆን ይችላል። ረዳትህም ምልክቶቹን ይወቅ። ይህን አደራ እላለሁ።

ጾምስ? የእኛ ከተማ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጾማል። በረመዳን ወይም በሁዳዴ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ እየወሰድክ ጾመህ መንዳት ከፈለግህ፣ ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ከሐኪምህ ጋር ተነጋገር። የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ሊቀየር ይችላል። ሼኩንም ሆነ አባትን ብትጠይቃቸው ሕመምተኛ ራሱን እንዲጎዳ አይመክሩህም።

የሚጥል በሽታ

እዚህ ላይ ማወዳደር የለም። የሚጥል በሽታ ካለብህ የጭነት መኪና አትንዳ። አጭር መንገድም ቢሆን አትንዳ። 30 ቶን ጭኖ ደንገጎን የሚወርድ ሰው ለ10 ሴኮንድ ራሱን ቢስት ምን እንደሚሆን ያንን ኩርባ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል።

ግን ማጣራት ያለብህ ነገር አለ። በልጅነትህ ትኩሳት ላይ አንዴ ተንቀጥቅጠህ ከነበር፣ ያ ራሱን የቻለ የሚጥል በሽታ ላይሆን ይችላል። ወባ ጭንቅላቱን ነክቶት የወደቀ ሰውም አለ። «በልጅነቱ ይጥለው ነበር» የሚል የሰፈር ወሬ ይዘህ ዕድሜ ልክህን አትፍራ። ደግሞም አትናቀው። ድልጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሄደህ ሐኪም ታሪክህን በዝርዝር ይስማህ። ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ፌኖባርቢታል፣ እንቅልፍ እንደሚያመጡም እወቅ።

መኪና የምትወድ ከሆነና በሽታው ካለብህ፣ ከሙያው አትወጣም። መኪናዎችን የሚመድበው ስምሪት አለ፣ መለዋወጫ ሱቅ አለ፣ የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽም የትራንዚተር ቢሮ አለ። መንገዱን የሚያውቅ ስምሪት ሠራተኛ ለአለቃውም ለሾፌሩም ወርቅ ነው።

ዓይን

የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ተሠርተህ ሐኪሙ «ደህና ታያለህ» ካለህ ያለፈ ነገር ነው። የቅርብና የሩቅ እይታም በመነጽር ይስተካከላል። ሁለት መነጽር ያዝ፣ አንዱ ይሰበራልና። ግላኮማ ግን የጎን እይታን ቀስ እያለ ስለሚበላ፣ ሰውየው ፊት ለፊት እያየ ከጎን የሚመጣውን ባጃጅ አያይም። እኛ ከተማ ደግሞ ባጃጅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ይህ ካለብህ የጎን እይታህ ተለክቶ ሐኪም ሳይፈቅድልህ አትንዳ።

የማታ እይታህ የደከመ ከሆነ ተሳቢውን ተወውና ቀን ብቻ የሚሠራ ሥራ ፈልግ። ክረምት ላይ ቁልቢ አካባቢ ጭጋግ ሲወርድ ጤነኛ ዓይንም ይቸግረዋል።

ሌሎቹን ባጭሩ

ቲቢ ታመህ ከነበር፣ ሕክምናውን ጨርሰህ ድነሃል ከተባልክ ለመንዳት አያግድህም። የተለመደው ቲቢ 6 ወር ነው የሚታከመው። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ኤታምቡቶል ነው። አልፎ አልፎ ዓይንን ይነካል፣ ቀይና አረንጓዴ መለየት ያስቸግራል። እንዲህ ከተሰማህ ቶሎ ተናገር።

ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ጤናው ከተጠበቀ መንዳት ይችላል። የሚያስፈልገው ቀጠሮ የማያሳልፍበት ሥራ ነው።

በ2011 ክረምት መጨረሻ ከተማችንን ያዳረሰውን ቺኩንጉንያ የማያስታውስ የለም። ትኩሳቱ ሄዶ መገጣጠሚያቸው ለወራት የቆየባቸው ነበሩ። ጉልበትህ ወይም የእጅ አንጓህ እስካሁን የሚያምህ ከሆነ መሪውን ሳይሆን ሸራውን አስብ። ተሳቢ ላይ ወጥቶ ሸራ መዘርጋት፣ ገመድ መወጠር፣ ጎማ መቀየር አለ። የወገብ ዲስክ ላለበትም እንዲሁ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የሚገርመው አጭር መንገድ የግድ አይሻልም፣ መጫንና ማራገፍ ይበዛዋልና። ጥሩ ረዳት ያለው የኮንቴይነር ሥራ ሊሻላቸው ይችላል።

ማታ በኃይል የምታንኮራፋ፣ ትንፋሽህ ይቆማል የምትባል፣ ቀን የሚያንቀላፋህ ከሆንክ ይህ ራሱ ሕመም ነው፣ ይታከማልም። ሚስትህን ጠይቃት። እሷ ከማንም በላይ ታውቃለች።

የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ያለፈበት ሰው ካርዲዮሎጂስት ወይም የነርቭ ሐኪም ጽፎ ካልሰጠው በቀር ወደ ከባድ መኪና አይመለስ። እዚህ ላይ የእኔ ምክር ቦታ የለውም።

አሜሪካ ለሚያስብ

እዚያ የንግድ መኪና መንጃ ፈቃዱን ሲዲኤል ይሉታል። የጤና ምርመራውን የሚያደርገው በፌዴራል መንግሥቱ የተመዘገበ መርማሪ ነው። የምስክር ወረቀቱ ቢበዛ ለ2 ዓመት ነው። ከአንድ ስቴት ወደ ሌላ ለመሻገር 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፣ እንግሊዝኛም መናገርና ማንበብ ግድ ነው።

ግፊት ላይ መርማሪዎቹ የሚመሩበት ልኬት ይህ ነው። ከ140 በ90 በታች ከሆንክ ሙሉውን 2 ዓመት ታገኛለህ። የላይኛው ቁጥር ከ140 እስከ 159 ከሆነ 1 ዓመት። ከ160 እስከ 179 ከሆነ እስክታስተካክል ለአንድ ጊዜ ብቻ 3 ወር። 180 በ110 ከደረሰ እስኪወርድ አትነዳም። የእኔ 172 እዚያ ቢሆን 3 ወር ይሰጠኝ ነበር።

ኢንሱሊን ድሮ ልዩ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ከ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ግን የሚያክምህ ሐኪም ቅጽ ከሞላልህና ቢያንስ የ3 ወር የስኳር ልኬትህን ካሳየህ፣ ለ1 ዓመት ሊፈቀድልህ ይችላል። እዚህ ተሳቢ የማልመክረውን ሰው እዚያ ሕጉ ሊፈቅድለት መቻሉ ሊገርምህ ይችላል። የሚለየው መኪናው ውስጥ ማቀዝቀዣ መኖሩ፣ በየቀኑ መለካቱና መንገድ ላይ ምግብ መገኘቱ ነው።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በስቴቶች መካከል ለመንዳት ልዩ ፈቃድ መጠየቅ የሚችለው 8 ዓመት ያለ ምንም መውደቅ ከቆየ ነው። ያለ ግልጽ ምክንያት አንዴ ብቻ የወደቀ ከሆነ 4 ዓመት ነው።

እይታ በእያንዳንዱ ዓይን፣ በመነጽርም ቢሆን፣ 20/40 መድረስ አለበት፤ ጤነኛ ዓይን ከ40 ጫማ የሚያየውን አንተ ከ20 ጫማ ማየት አለብህ ማለት ነው። የመብራት ቀለማትን መለየትም ያስፈልጋል። አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው ከ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ የሚያመለክቱበት ሌላ መንገድ ተከፍቶላቸዋል። ለጆሮ ደግሞ መርማሪው 5 ጫማ ርቆ ያንሾካሽካል፣ በመስሚያ መሣሪያም ቢሆን መስማት አለብህ።

ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። አንደኛ፣ ካቲኖን እዚያ በጥብቅ ከተከለከሉት ንጥረ ነገሮች ውስጥ ነው። እዚህ ከአወዳይ የሚመጣው ቅጠል እዚያ ሥራህን ያሳጣሃል። ሁለተኛ፣ የጤና ታሪክ ቅጹ ላይ ፈርመህ ነው የምትሞላው። ደብቀህ ቢገኝ የምስክር ወረቀቱ ይሰረዛል፣ ቅጣትም ሊመጣ ይችላል። ድሬ ላይ የታከምክበትን ማስረጃ ከመሄድህ በፊት ሰብስብ። ካርድህ የት እንደገባ ፈልጎ የሚልክልህ ዘመድ ሁልጊዜ አይገኝም።

እኔ የመረጥኩት

ተሳቢውን ትቻለሁ። አሁን ኤፍኤስአር ላይ ነኝ፣ ሲሚንቶና የቤት ዕቃ ወደ ሐረር እጭናለሁ። ገቢዬ ቀንሷል። መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር፣ የቤት ኪራይም የልጆች ትምህርትም አለ። ግን ኪኒኔን በየማታው በአንድ ሰዓት እውጣለሁ። ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ ትንሽ ደብተር አለች፣ በየሳምንቱ ግፊቴን እጽፍባታለሁ። ሐኪሙ ጋ ስሄድ የምሰጠው እሷን ነው። ያለፈው ሳምንት 134 በ86 ይላል።

አንተም ልትለካ ስትሄድ በጠዋት ሂድ። ቡና ሳትጠጣ፣ ሲጋራ ሳታጨስ፣ ማታውን ሳትቅም። ሽንትህን ሽና። ጀርባህን አስደግፈህ፣ እግርህን ሳታጣምር 5 ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ጨርቁ በሸሚዝህ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድህ ላይ ይታሰር። ቁጥሩንም ጠይቅና ራስህ ጻፈው።